ሳልጠራው ጭንቅላቴን ሊለካ ለሚመጣው የአይኪው ፈተና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የኦንላይን አይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና፣
ባሉበት። (ያሉበትን ስለማላውቅ ነው። «ስለ እኛ» የሚለውን ስጫነው ባዶ ገጽ ነው የሚመጣው።)

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጭንቅላቴ ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ስለማይለዩኝ አመሰግናለሁ። የኳስ ውጤት ልይ ብዬ ስገባ ይመጣሉ። የሽንኩርት ዋጋ ሳነብ ይመጣሉ። ለቅሶ ቤት ጠፍቶብኝ ካርታ ስፈልግ እንኳ «አንስታይን 160 ነበረው፤ የእርስዎስ?» ይሉኛል። በነገራችን ላይ አንስታይን እንዲህ ያለ ፈተና መፈተኑን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። ይሁን።

ተፈተንኩልዎ። ዘጠኝ ሳጥን፣ አንዱ ባዶ። ነጥቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሦስት ማዕዘኑ ይገለበጣል፣ ክቡ አንዴ ይጠቁራል አንዴ ይነጣል። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ተፋጠጥን። ሲያልቅ «አእምሮዎን እየተነተንን ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ አረንጓዴ መስመር ይሳባል። 99% ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ እንደሚያስብ ሰው። ከዚያ ውጤቴን ሊነግሩኝ ነው ስል የካርድ ቁጥሬን ጠየቁኝ። በዶላር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ።

መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ታውቀዋለህ? እሱ ሒሳቡን አስቀድሞ ነው የሚናገረው። ትወጣለህ፣ ኪሎህን ይነግርሃል፣ ትወርዳለህ። «ኪሎህን አይቼዋለሁ፣ ግን በየወሩ ካልከፈልከኝ አልነግርህም» አይልም። የእኔ የማሰብ ችሎታ ግን ይኸው በውጭ ምንዛሪ እጥረት ተይዞ ቀርቷል።

የከፈሉትን ግን አይቻለሁ። የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ በአንተ ሰርተፍኬት ተጥለቅልቋል። 131። 127። 142። ከ125 በታች ያገኘ ዘመድ የለኝም። እነዚሁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ለአያታችን ተዝካር መዋጮው ለእያንዳንዳችን ስንት ስንት እንደሚደርስ ማካፈል አቅቷቸው ሲነታረኩ የሰነበቱት። በመጨረሻ ያካፈለችው ስማርት ስልክ የሌላት ታላቅ አክስታችን ናት። በጣቷ።

እስቲ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። እውነተኛ ፈተና፣ ለምሳሌ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ዌክስለር ከ1939 ጀምሮ ያወጣቸው ዓይነት፣ መጀመሪያ ብዙ ሰው ላይ ይሞከራል። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) የመሃለኛው ሰው ውጤት 100 ይባላል። ከሦስት ሰው ሁለቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገባል። 130 የሚደርሰው ከመቶ ሰው ሁለት ቢሆን ነው። ስለዚህ 140 ያገኘ ሰው 70 ካገኘው ሁለት እጥፍ ያስባል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚነግርህ ከተፈተኑት መሃል የት አካባቢ እንደወጣህ ብቻ ነው። ታዲያ የእኔ ዘመዶች ተሰብስበው ከላይ የወጡት ከማን መሃል ነው? ከፋይ ደንበኛህን «ከመሃለኛው በታች ነህ» ብለህ ታውቃለህ?

ለመሆኑ አያትህን ታውቃቸዋለህ? ጨዋ ሰው ነበሩ። አልፍሬድ ቢኔ ይባላሉ፣ ፈረንሳዊ ናቸው። ያኔ ፈረንሳይ ልጅ ሁሉ ይማር ብላ ነበር። ከክፍሉ እኩል መሄድ ያቃተውን ልጅ ለይቶ ለማገዝ ዘዴ ተፈለገ። ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆነው በ1905 ሠላሳ ጥያቄ አዘጋጁ። የሚነድ ክብሪት በዓይን መከተል አለበት። ቸኮሌትን ከእንጨት ቁራጭ መለየት አለበት። ዝንብና ቢራቢሮ በምን እንደሚለያዩ መናገር አለበት። የሰው አእምሮ በተወለደበት ልክ ቆሞ ይቀራል የሚሉትን ቢኔ አምርረው ነው የተቃወሙት። የካርድ ቁጥርም አልጠየቁም።

ነገሩ የከፋው አትላንቲክን ሲሻገር ነው። ሄንሪ ጎዳርድ የሚባል አሜሪካዊ ኒውዮርክ አፍ ላይ ባለችው ኤሊስ ደሴት ስደተኞችን መፈተን ጀመረ። ሰዎቹ ገና ከመርከብ መውረዳቸው ነው፤ ፈተናው በአስተርጓሚ ነው። አንድ ልጅ ሲፈተን አስተርጓሚው አላስችል ብሎት «እኔም እዚህ አገር ስመጣ ይህን መመለስ አልችልም ነበር» አለ። ጎዳርድ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? ልጁ ጉድለት እንዳለበት አስተርጓሚውን አሳመንነው! በ1917 ባወጣው ውጤት ከተፈተኑት ጣልያኖች 79%፣ ከሀንጋሪዎቹ 80% አእምሯቸው ደካማ ነው ተባለ። የተፈተኑት ደግሞ 50 ጣልያንና 22 ሀንጋሪ ናቸው።

በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ጦር 1.7 ሚሊዮን ገደማ ወታደር ፈተነ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ክሪስኮ ምንድን ነው?» ይላል። መድኃኒት፣ የጀርም ማጥፊያ፣ የጥርስ ሳሙና ወይስ ምግብ? ክሪስኮ በ1911 አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣ የምግብ ማብሰያ ስብ ነው። ከሲሲሊ የመጣው ምልምል ከየት ይወቀው? ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሥዕል ቀረበላቸው፦ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ። ምን ጎደለ? ቴኒስ አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ምንም አልጎደለም።

አሁን የእኛን ጉድ ስማ። በ2002 ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን የተባሉ ሰዎች ለየአገሩ አይኪው አደሉ። ለኢትዮጵያ የደረሳት 63 ነው። ቁጥሩ እስከ ዛሬ በባለቀለም ካርታ ተስሎ ይዞራል፤ አንተም ማስታወቂያህ ላይ ስትለጥፈው አይቼሃለሁ። 63 ማለት በፈተናው ቋንቋ መሃለኛው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ እክል መነሻ ከሚባለው መስመር በታች ነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት መርካቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መዘጋት ነበረበት።

አገር ቤት ስንት ሰው ፈትነው ነው ትላለህ? ማንንም። ቁጥሩ የተወሰደው ወደ እስራኤል ከሄዱ 250 የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች ነው። አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ። ፊታቸው የቀረበው ሬቨን የሚባለው የሥዕል ፈተና ነው፣ ያው ያንተ ሳጥን። ከእንግሊዝ ልጆች ጋር ተነጻጸሩና ውጤታቸው የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ቁጥር ሆነ። እኛስ ምን አለን፤ የኢኳቶሪያል ጊኒ ቁጥር የመጣው ስፔን ውስጥ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ከሚኖሩበት ተቋም ነው።

እዚያው እስራኤል ሌላ መንገድ የያዙም ነበሩ። ሩቨን ፎየርሽታይን የሚባሉት የሥነ ልቦና ሰው አንዴ ፈትነህ አትፍረድ ባይ ናቸው። ፈትን፣ አስተምር፣ እንደገና ፈትን። የሚታየው ልጁ ሲያሳዩት ምን ያህል እንደሚራመድ ነው። በዚህ ዘዴ የተፈተኑ ከኢትዮጵያ የሄዱ ልጆች መጀመሪያ ላይ ከእኩዮቻቸው በብዙ ያንሱ ነበር። ጥቂት ካስተማሯቸው በኋላ ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ሳጥን ማየትም ይለመዳል ለካ። ጄምስ ፍሊን የሚባል ተመራማሪ እንዳሳየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገር ውጤቱ በየአሥር ዓመቱ 3 ነጥብ ገደማ ሲጨምር ኖሯል። ሒሳቡን ወደ ኋላ ከገፋኸው የእንግሊዞቹም ቅድመ አያቶች 70 አካባቢ ይወርዱልሃል። ባቡሩን ማን እንደሠራው እንግዲህ አንተ ንገረኝ።

ከሁሉ የምወደው የላይቤሪያውን ነው። ጆሴፍ ግሊክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ክፔሌ ከሚባለው የአገሩ ሕዝብ የሆኑ ገበሬዎችን ዕቃ በየዓይነቱ እንዲለዩ ጠየቋቸው። ምግብ ከምግብ፣ መሣሪያ ከመሣሪያ ይሆናል ብለው ጠበቁ። ገበሬዎቹ ግን ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አስቀመጡት። ምክንያቱም ቢላዋ ብርቱካን ይቆርጣል። ብልህ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው አሉ። ተመራማሪው ቢጨንቀው «እሺ፣ ሞኝ ቢሆንስ እንዴት ያደርገዋል?» ሲል ጠየቀ። ይኼኔ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ አድርገው ደረደሩለት።

እስቲ አንተም ተፈተን። እንቆቅልህ! «እንብላ» የተባለ እንግዳ ስንት ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ነው ማዕድ የሚቀርበው? ኮሰረት ምን ውስጥ ይገባል? በስልክ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ያለ ሰው የት ነው ያለው? ሀ) በር ላይ፣ ለ) ታክሲ ውስጥ፣ ሐ) አልጋው ላይ። ካላወቅክ አገር ስጠኝ። ውጤትህን በነፃ እነግርሃለሁ።

ከዘመዶችህ መሃል ጨዋም አይጠፋም፣ አልዋሽም። የሠለጠነ ባለሙያ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰዓት ወስዶ የሚሰጠው ፈተና ጥቅም አለው። ልጁ የቱ ጋ እንደሚቸገር፣ የቱ ጋ እንደሚበረታ ፍንጭ ይሰጣል። ከትምህርት ውጤት ጋርም ይያያዛል። ይሉኝታን፣ ትዕግሥትንና ተንኮልን ግን አይለካም። ተንኮል ቢለካማ የእኛ ሰፈር የዓለም ሪከርድ ይይዝ ነበር።

ባለሙያው ደግሞ ቁጥሩን የሚሰጠው ከነስህተቱ ነው፣ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ። ይህ ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ2002 የአእምሮ እክል ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት ተከለከለ። ፍሎሪዳ መስመሩን 70 ላይ አሰመረች። ፍሬዲ ሊ ሆል የሚባለው ፍርደኛ 71 አገኘ። በአንዲት ነጥብ ሊሞት ነው ማለት ነው። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈተናውን የስህተት ወሰን ሳታዩ በቁጥር ብቻ መወሰን አትችሉም አለ። አንተ ግን ለአንዱ ዘመዴ 127.4 ሰጥተኸዋል። ያቺ ነጥብ አራት ከየት መጣች?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ትለወጣለህ ብዬ አይደለም፤ ነገም የሽንኩርት ዋጋ ላይ እንደምንገናኝ አውቃለሁ። አንድ ጉዳይ ብቻ ፈጽምልኝ። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ዓምና ከፍሎ 138 አግኝቷል። እንኳን ደስ አለህ ብለነዋል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከካርዱ እየቆረጥክበት ነው። የማቋረጫውን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥከው ንገረው። 138 ይዞ እስካሁን አላገኘውም።

ከማይከፍለው ደንበኛህ