ግልጽ ደብዳቤ፦ ለማይነሱት ክቡር ላፕቶፕ

ለ፦ ክቡር ላፕቶፕ (ባሉበት ጠረጴዛ ላይ)
ከ፦ ካቻቪቴ ከያዙ ጠጋኞችዎ
ጉዳዩ፦ አልነሳ ማለትዎን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሰላምታው ካልደረስዎ አንቀየምም፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ነገር ደርሶዎት አያውቅም። ቁልፍዎ ተጫነ፣ መብራትዎ በራ፣ ማራገቢያዎ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፣ ከዚያ ጸጥ። ማታ ሲዘጉ ደህና ነበሩ። ሪፖርቱ የሚገባው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ የሚታተመው ዛሬ መሆኑን ማን ሹክ እንዳለዎት አይታወቅም፤ የሚታመሙበትን ቀን መምረጡን ግን ተክነውበታል።

ሰው ሁሉ «አልነሳ አለኝ» ብሎ ነው ተሸክሞ የሚያመጣዎት። አለመነሳትዎ ግን ዓይነት አለው። ጨርሶ መብራት የማያሳዩበት አለ፤ መብራት አሳይተው ስክሪኑን የሚያጨልሙበት አለ፤ የአምራችዎን አርማ ካሳዩ በኋላ «ዲስክ የለም» ብለው የሚክዱበት አለ፤ ዊንዶውስን ጀምረው ከመንገድ የሚመለሱበትም አለ። የቆሙበት ቦታ ነው በሽታዎን የሚናገረው። ባለቤትዎ ግን፣ የባለቤትዎ የአክስት ልጅም ጭምር፣ አራቱንም በአንድ መድኃኒት ያክማሉ፦ «ፎርማት ይደረግ።» ቻርጀሩ የተቃጠለን ላፕቶፕ ፎርማት ለማድረግ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያዩ በውስጥዎ እንደሚስቁ እንጠረጥራለን።

ከግድግዳው እንጀምር። መብራትም ድምፅም ከሌለዎት ሰዎች ቸኩለው ሆድዎን ይከፍታሉ። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ቀጥሎ ዲቫይደሩ ይታያል፤ ቀጥሎ ወደ ግድግዳ የሚሄደው ገመድ ከቻርጀሩ ሳጥን ላይ ላላ ብሎ እንደሆነ። ከዚያ ጫፉን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያው) እንለካለን። ዴል ከሆኑ ባለ 65 ዋት ቻርጀርዎ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፒር ተጽፏል፤ ሌኖቮ ከሆኑ 20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር። መልቲሜትሩ ዜሮ ካሳየ ወይም ገመዱ ሲነካካ ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለምና ይቅርታ እንጠይቃለን። በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉ ዘመናዊ ከሆኑም በስልክ ቻርጀር እንደማይታለሉ እናውቃለን፤ ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 65 ዋት ካልቀረበልዎ ንቅንቅ አይሉም።

ዴል ሲሆኑ ደግሞ ሌላ አመል ይጨምራሉ። በክቡ የቻርጀር ጫፍ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ ኃይል አታስተላልፍም፤ ሥራዋ «የቤተሰቡ ልጅ ነኝ» ብሎ መመስከር ነው። እሷ ከተጣመመች ወይም ሽቦዋ ከውስጥ ከተበጠሰ፣ ቮልቱ ልክ ሆኖ እያለ «ይህን ቻርጀር አላውቀውም» ይላሉ፤ ባትሪዎን አይሞሉም፤ ፍጥነትዎንም ቀንሰው እንደ ኤሊ ይጎተታሉ። መታወቂያ ላላደሰ ሰው የቀበሌ ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አይጨክንም።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ዝም ካሉ ወደታወቀው ማባበያ እንሄዳለን። ቻርጀር ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ ይወልቃል፣ ፍላሽና ማውስ ይነቀላሉ፣ የማብሪያ ቁልፉ ለ30 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። 30 ስንል 30 ነው፤ አምስት ቆጥሮ «ሞክሬዋለሁ» የሚል ሰው አልሞከረም። በዚህ ጊዜ ማዘርቦርድዎ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተረፈው ኃይል ይፈሳል፤ ማብራት ማጥፋቱን የምትቆጣጠረው ትንሿ ቺፕም ከደነዘዘችበት ትነቃለች። ቀጥሎ ባትሪው ሳይመለስ በቻርጀር ብቻ ይሞከራል። ከተነሱ ጠፍሮ የያዘዎት ባትሪው ነበር። ባትሪያቸው ውስጥ የተቀበረ ብዙ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ሆዳቸው ላይ ለዚሁ ሥራ የተበጀች ቀዳዳ አላቸው፤ ቻርጀር ነቅሎ በተቃና የአግራፍ ሽቦ ጫን ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን። መብራትዎ በርቷል፣ ማራገቢያዎ ይዞራል፣ ስክሪንዎ እንደ ክረምት ሌሊት ጨልሟል። የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ ከጎን ስናበራ ደብዛዛ ምስል ከታየን ተነስተዋል ማለት ነው፤ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰኩ ምስል ከመጣም እንዲሁ፤ የሚፈተሸው ስክሪኑና ገመዱ ነው። በሁለቱም ካልታየ ግን ብልጭታዎን እንቆጥራለን። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይበድልዎታል፤ እርስዎ እየተናገሩ የሚሰማዎት የለም። ዴል ላቲቲዩድ ከሆኑ መብራትዎ ሁለቴ ብርቱካናማ፣ ሦስቴ ነጭ ሲል «ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) አጣሁ» ማለትዎ ነው። ሁለትና አራት ከሆነ ራሙ አለ፣ ግን ተበላሽቷል። ሁለትና ሁለት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማስነሻ ፕሮግራም)፣ ሁለትና ሰባት ስክሪን። ኤችፒ ሲሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በካፕስ ሎክ መብራት ይጠቅሳሉ። ቋንቋ ማወቅዎን እናደንቃለን፤ ስክሪን ላይ በፊደል ቢጽፉት ምን ነበረበት ብለን ደግሞ እንታዘባለን።

ራም ላይ ለምን እንደምናተኩር ያውቃሉ። አቧራና እርጥበት ጥርሶቹን ያለብሷቸዋል፣ ቦርሳ ውስጥ መንገጫገጭም ያላላቸዋል። ጀርባዎ ከተከፈተ በኋላ ከሁሉ በፊት የባትሪው ገመድ ከማዘርቦርዱ ይነቀላል፤ ይህን የዘለለ ሰው ራም ሊያጸዳ ገብቶ ማዘርቦርድ አቃጥሎ የመውጣት ዕድል አለው። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ክንፎች ወደ ውጭ ሲከፈቱ ራሙ በራሱ ብድግ ይላል (እሱ እንኳ ይነሳል)። የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶቹ በነጭ ላጲስ ቀስ ተደርገው ይጠረጋሉ፤ ፍርፋሪው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። ሲመለስ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ጥርሶቹ እስኪሰወሩ መግፋት፣ ከዚያ ክንፎቹ «ቀጭ» እስኪሉ ወደ ታች መጫን። ሁለት ራም ካለዎት አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ቦታ ይሞከራል። ለምትክ የሚገዛውም ዝም ብሎ አይገዛም፤ የዲዲአር 3 ላፕቶፕ ራም 204 ጥርስ አለው፣ የዲዲአር 4 ደግሞ 260፤ የመሃል ቁርጣቸውም ስለማይገጥም በጉልበት አይገባም። ራም ተቀይሮልዎት ስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃ ቢጨልም እንታገሥዎታለን፤ አዲሱን ራም እየተለማመዱት ሊሆን ይችላል። ራምዎ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ላጲሳችንን ወደ ኪስ መልሰን እንሰናበታለን።

«ማዘርቦርዱ ሄዷል» የምትባለዋን ፍርድ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚሰጥ ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ ማዘርቦርዱ የሄደው ወዴት እንደሆነ ይጠይቁልን።

ሌላው አመልዎ ማርጀትዎን መደበቅ ነው። ቁልፍ የምታህለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ስትሞት የሚያውቁትን ሁሉ ይረሳሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀሩ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የጀመሩ መስሎን ኮርተንብዎት ነበር። ቀኑን ቢረሱ ባልከፋ። የዲስኩን አነባበብ ስልት ጭምር ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመልሱና፣ ዊንዶውስ ኤኤችሲአይ በሚባለው ስልት የተጫነበትን ዲስክ ሬይድ በሚባለው ካላነበብኩ ብለው ሰማያዊ ስክሪን ያወጣሉ። ያኔ ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንዲት ምርጫ መመለስ በቂ ሆኖ ሳለ ስንቱ ፎርማት ተደረገ! በብዙ ላፕቶፖች ባትሪዋ በሁለት ቀጭን ሽቦ ታስራ ስለምትመጣ ሲገዛ ሶኬቷ አብሮ ይታያል።

«የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» ሲሉ መጀመሪያ ጎንዎ ላይ የተረሳ ፍላሽ መኖሩን እናያለን፤ አንዳንዴ ጉዳዩ በሱ ያልቃል። ካልሆነ ባዮስ ይከፈታል፦ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1። ዲስኩ በስሙና በመጠኑ ከተዘረዘረ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ወይም የዩኢኤፍአይና የሌጋሲ (የአዲሱና የድሮው አነሳስ ስልት) ምርጫ ነው። ጨርሶ ካልተዘረዘረ ዲስኩ ወጥቶ ይሰካል፣ ገመዱ ይታያል። ዲስኩ ውስጡ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ሆኖ «ጥቅ፣ ጥቅ» ካለ ግን እባክዎ ይጥፉ። በዚያ ድምፅ ላይ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) ማዘዝ፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው ሩጥ ማለት ነው፤ የቀረውንም ፋይል ይዞት ይሞታል። መጀመሪያ ዲስኩ ወጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል፣ ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ ደርሰው ነጥብ እያሽከረከሩ የሚቆዩበትን ጉዳይ በተመለከተ፣ አፕዴት ላይ ሆነው የዲስክ መብራትዎ ብልጭ ብልጭ ካለ እንጠብቃለን፤ በቀርፋፋ ዲስክ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። እንደገና እየጠፉ ከበሩ ግን አርማው ሲታይ ቁልፉን ተጭነን እስኪጠፉ እንይዛለን፤ ሁለት ሦስቴ ሲደገም የጥገናው ገጽ ይመጣል። ስታርትአፕ ሪፔር ብለን እንሞክርና፣ እንደልማድዎ «መጠገን አልቻልኩም» ይላሉ። ለማለት ያህል የቆዩበት ጊዜ ግን ቡና ያፈላል። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ አንኢንስቶል አፕዴትስ፤ ካልሆነ በስታርትአፕ ሴቲንግስ 4 ቁጥርን ነክቶ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት)። በሴፍ ሞድ ከተነሱ አዲስ የገባ ድራይቨር (የአንድ ዕቃ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም) ወይም ጸረ ቫይረስ ነው የያዘዎት። ዘመዶችዎ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ያደረጉትን አልረሳንም፤ ክራውድስትራይክ በተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ሆነው ሲያድሩ፣ ፈውሱ ሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር። አውሮፕላን አስቀርተው ሲያበቁ አንድም ይቅርታ አልጠየቁም።

በመሃል ባለ 48 አሃዙን የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ) ቁጥር የሚጠይቁት ነገርስ? ባዮስዎ ሲነካካ እንደተደፈረ ሰው ይደነግጡና ቁጥሩን ካላመጣችሁ ዲስኩን አልከፍትም ይላሉ። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። የአካውንቱን የይለፍ ቃል ያስቀመጠው ግን እርስዎ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ነው።

ስኳር የበዛበት ቡና ከጠጡ ደግሞ ወዲያው ይጥፉ፣ ቻርጀር ይነቀል፣ እንደ ድንኳን ተገልብጠው ይንጠፍጠፉ። ሩዝ ውስጥ መቀበር ስኳሩን አያነሳም። ተከፍተው በ99 ከመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠባሉ፤ የእጅ ማጽጃው ውኃ ስላለበት አይሆንም፣ አረቄውም ለሌላ ጉዳይ ይቀመጥ።

ከላይ በተገለጸው መሠረት እስከ ነገ ጠዋት 2፡30 ድረስ ከአራቱ የትኛው ላይ እንደቆሙ በብልጭታ እንዲያሳውቁን በጥብቅ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቻርጀሩ፣ መታወቂያውን ይዞ እንዲቀርብ
ለራሙ፣ ላጲሱ መዘጋጀቱን እንዲያውቅ
ለአክስት ልጅ፣ ፍላሹን ይዞ በር ላይ እንዲቆይ
ለባለቤቱ፣ ባለ 48 አሃዙን ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ እንዲገለብጥ