ለእረፍት የተቋቋመ ኮሚቴ

የአዲስ አበባ ሰው ሞቶ እንኳን ብቻውን ከቤቱ አይወጣም፤ ዕድሩ ጥሩንባ አስነፍቶ፣ ድንኳን ጥሎ ይሸኘዋል። እንግዲህ በሕይወት እያለ «ተራራ ላይ ጥቂት ቀን ጸጥ ብዬ ልመለስ» የሚል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ገምቱ።

ያሰብኩት ዲንሾን ነበር። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ትንሽ ከተማ ናት። የመግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ጓዝ የሚሸከም ፈረስ ይከራያል፤ ከዚያ በኋላ ከእንግዳው የሚጠበቀው መራመድ ብቻ ነው። አጠገቧ ጋይሳይ የሚባል የሣር ሜዳ አለ፤ የደጋ አጋዘን ምን ቸገረኝ እያለ ይግጥበታል። ከጎባ በላይ ደግሞ የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ ደጃፍ አድፍጦ ምሳውን ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳን አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የባሌ ነዋሪዎች ናቸው። ሁሉም ተጠራርተው ቢመጡ አንድ የኛን ሰፈር ሠርግ አይሞሉም። ጸጥታቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሐሳቤን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። ከምሳ በፊት የቴሌግራም ቡድን ተከፍቶ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ። እኔ ተራ አባል ሆኜ ቀረሁ።

የመጀመሪያው አጀንዳ ቀን መቁረጥ ነበር። የባሌ ዝናብ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይመላለሳል። ለእግረኛ የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ፈጣሪ ለመንገደኛ አራት ደረቅ ወር ሰጠ፤ እኛም አራቱን ወራት አንድ በአንድ መረመርናቸው። ኅዳር 12 የሊቀ መንበሩ ማኅበር ነው፤ በሚካኤል ቀን ከደጁ አይርቅም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ገንዘብ ያዡ «በጾም ተራራ ላይ ወጥቶ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ወሩን ዘጋው። ኅዳር 21 ደግሞ ጽዮን ናት። ገና ከቤተሰብ ጋር ነው፤ ጥምቀትም ታቦት ሳይሸኙ አይሆንም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ሰፊ ይመስላል እንጂ እሱም ባለቤት አለው። ሚዜ የሆነው አባላችን ሲያስረዳን፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ መልስ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ቅልቅል፤ የሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ሌላ ሠርግ አለ። ይህ ሲያልቅ ዐቢይ ጾም ይደርሳል፤ ጾሙ ሲፈታ ዝናቡ ጀምሯል።

ይህ ሁሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚታየው ነው። የማይታየው ለቅሶ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ታመው ተኝተው ስለነበር ጸሐፊዋ «እትዬ ሳይለይላቸው ብንሄድ ሰው ምን ይለናል?» አለች። ስለዚህ ጉዟችን በእትዬ ጤና ላይ ተንጠለጠለ። ምስጋና ለጸበሉ፣ እትዬ ዳኑ። እንደዳኑም ወሬውን ሰምተው አስጠሩኝና «ባሌ ልትሄዱ ነው አሉ፤ የደስ ደስ አንድ ገንቦ ማር ታመጣልኛለህ» አሉኝ።

አደራው የተጀመረው በእሳቸው ነው። እናቴ የሐረና ጫካ ቡና አዘዘች። አክስቴ ለጋ ቅቤ አለች። የማላውቀው ሰው ደውሎ «ለገብስ ቆሎ የሚሆን ገብስ» ጠየቀኝ። ቆይቶም አደራው የምንሄድበትን መንገድ ሳይቀር መረጠልን። አንዱ ወገን በአሰላና በበቆጂ በኩል እንሂድ፣ የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን አገር አይተን እንለፍ ሲል በጋለ ስሜት ተከራከረ። ተሸነፈ። በሻሸመኔ በኩል የመቂ ሽንኩርት፣ የዝዋይ ዓሣና የሻሸመኔ ድንች አለ፤ በበቆጂ በኩል ግን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ በኪሎ አይሸጡም።

ስለ እግር ጉዞው የተወያየነው ለአጭር ጊዜ ነው። የባሌ ከፍተኛው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር እንደሆነና መኪና እላዩ ድረስ እንደሚወጣ ስናገር ስብሰባው በእፎይታ ተነፈሰ። ሊቀ መንበሩም «መኪና የሚወጣውን ተራራ በእግሩ የሚወጣ ሰው ምን በድሎ ነው?» ብሎ አጀንዳውን ዘጋ። ይህን ጥያቄ እስካሁን የመለሰለት የለም፤ እኔም ጭምር።

ስለ ምግብ ግን ሦስት ምሽት ተነጋገርን። በግ እዚያው ይገዛል፤ ሚጥሚጣው፣ ድስቱና ሠራተኛዋ ከዚህ ይሄዳሉ። ጀበና፣ ረከቦት፣ እጣን ተመዘገበ። ለቡናው መጎዝጎዣ የሚሆን ቄጤማም ከሾላ ገበያ ተገዝቶ እንዲጫን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። «ጋይሳይ እኮ ሜዳው ራሱ ሣር ነው» ብል ጸሐፊዋ ገረመመችኝ። «እሱ የአጋዘኖች ነው» አለች።

ከዚያ የሮቤው ዘመድ ተገኘ። የገንዘብ ያዡ ሚስት የአጎት ልጅ ነው። ሮቤ ከዲንሾ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ «እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ደጁን ሳትረግጡ ብትመለሱ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ይቀየመናል» ተባለ። ደጁን የረገጠ ደግሞ ሳይበላ አይወጣም፤ የበላም ሳያድር አይሰናበትም። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ሲጻፍ አርብ መንገድ፣ ቅዳሜ ሮቤ ከዘመድ ጋር፣ እሁድ ማርና ቅቤ ፍለጋ፣ ሰኞ መንገድ ሆነ። ተራራው «ጊዜ ከተረፈ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ገባ። የባሌ ተራሮችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ይህን መርሐ ግብር ባያየው ጥሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሊቀ መንበሩ ሪፖርት አቀረበ። ዝግጅቱ ኮሚቴውን እጅግ ስላደከመው፣ ከጉዞው በፊት አባላቱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ቀን አርፈው እንዲመለሱ ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በግ የሚገዛው ንዑስ ኮሚቴም ትናንት ተመርጧል። እትዬም አብረው ሊሄዱ ነው፤ መኪና ውስጥ የፊት ወንበር ይዘዋል።