ክርክር፦ የጃፓን የጎራዴ ሕግ ሙያውን ጠበቀው ወይስ አነቀው?

ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ሥር ቢያንስ 5 ዓመት መማር ግድ ነው። ያም ሆኖ በወር ከ2 ረጃጅም ጎራዴዎች በላይ መሥራት አይቻልም። ሁለት ጸሐፊዎቻችን በዚህ አልተስማሙም። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ጎራዴ መሥራት ተከለከለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሲፈቀድ፣ ካታና (የጃፓን ረጅም ጎራዴ) የጥበብ ሥራ እንጂ የጦር መሣሪያ አይደለም ተብሎ ነው። በወር 50 የሚያወጣ ሰው «ጥበብ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

ብረቱም ቢሆን ጥድፊያ አይወድም። ሺማኔ ግዛት፣ ኦኩኢዙሞ በምትባል ቦታ፣ በብርዱ ወራት የጭቃ ምድጃ ይሠራል። 10 ቶን ገደማ የብረት አሸዋና 12 ቶን ገደማ ከሰል ይበላል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እሳቱን የሚጠብቁት ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ምድጃው ይፈርስና 2.5 ቶን የሚሆን የብረት ጓል ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ታማሃጋኔ የሚባለው ምርጥ ብረት 1 ቶን እንኳ አይሞላም። የሚከፋፈለውም ፈቃድ ላላቸው አንጥረኞች ነው። መዶሻ ላነሳ ሁሉ ይታደል ነው የምትለው?

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ለኔው ተከራከርሽልኝ! ብረቱ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ገደቡን ራሱ አበጅቷል። የወር ቁጥሩ ታዲያ ምን ያደርጋል?

የተማሪው ነገር ደግሞ ይባስ። ያ 5 ዓመት በአብዛኛው ደመወዝ የለውም። ከሰል በልክ በልክ መቁረጥ፣ መጥረግ፣ መዶሻ መምታት ነው። ቤተሰብ የማይደጉመው ወጣት እንዴት ይዘልቀዋል? መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ ለሰየመው ባለሙያ በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ያ ሰው ስሙን ከተከለ በኋላ ነው።

ታሪኩንም እይው። በ1876 ጎራዴ መታጠቅ ሲከለከል የጎራዴ ጌጥ የሚሠሩት ገበያ አጡ። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። ወደ አበባ ማስቀመጫና ወደ ሣጥን ዞሩ፤ ሥራቸው አውሮፓ ድረስ ተሸጠ። ከነሱ አንዱ፣ ካኖ ናትሱኦ፣ ከዚያ በፊትም የአገሩን አዲስ ሳንቲም ነድፏል። ዛሬም ኦሱሚ ዩኪኤ አሉ። በ2015 በብረታ ብረት ሥራ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ የተባሉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ብር ቀጥቅጠው ዕቃ ያበጃሉ። በወር ስንት ሠሩ ብሎ የሚቆጥርባቸው የለም። ጥራታቸው ወረደ?

ደጋፊ፦ የጠራሃቸው ሁሉ እኮ ጎራዴ ሠሪ አይደሉም። ጌጠኛው መዞሪያ ነበረው። ስለቱን የሚሠራው ግን በ1876 ወዴት ይዞር? ብዙዎቹ ቢላና ማጭድ ወደ መሥራት ሄዱ። ገበያ ብቻውን ሲተው የሚሆነው ይሄ ነው።

ተቃዋሚ፦ ቢላ ምን ነውር አለው? ጎራዴ ይሠራባት የነበረችው ሴኪ ከተማ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በቢላ ነው። እኔ 5ቱን ዓመት አልነካም። ተማሪው ይከፈለው፣ የወር ገደቡ ይነሳ፣ ገዢው ዓይቶ ይምረጥ።

ደጋፊ፦ ክፍያውን ፈርሜልሃለሁ። ገደቡን ግን አለቅም።