ናሽናልስ እንደገና ከታች አይጀምር

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የቤዝቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ናሽናልስ ያሉትን ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች አሳልፎ ሰጥቶ እንደ አዲስ ይገንባ ይላል። በፍጹም አልስማማም። ስንት ጊዜ ነው ከታች የሚጀመረው?

እ.ኤ.አ. በ2021 ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ዶጀርስ ቡድን ሄዱ። በ2022 ሁዋን ሶቶ ወደ ፓድሬስ። እውነት ለመናገር የሶቶው ልክ ነበር፤ ሲጄ ኤብራምስና ጄምስ ዉድ የመጡት በእሱ ምትክ ነው። ግን በዚያው ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፍን። በ2025ም 96። ልጄ ሶቶ እያለ ስታዲየም የሚሄደው የእሱን 22 ቁጥር ማሊያ ለብሶ ነበር። ዛሬ ትከሻው ላይ አልገባ ብሎት ታናሽ እህቱ ናት የምትለብሰው። ይኸው ገና እየገነባን ነው!

ዉድ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኦልኒ ያደገ ልጅ ነው። በ2025 ኦል ስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ሆኗል። እንደሱ ያለ መቺ ተይዞ ሌላ ምን ይጠበቃል? የጎደለው ፒቸር ነው። ባለቤቶቹ እጃቸውን ይፍቱና ሁለት የበሰሉ ፒቸሮች ያምጡ።

በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈን ነበር። ያኔም “ሽጡ” የሚል ሞልቶ ነበር። ሸርዘርን ግን አልሰጡትም። በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ሂዩስተን ላይ ፒቸር ሆኖ የጀመረው እሱ ነው፤ ዋንጫውም የእኛ ሆነ።