ያልተገጠመ ግጥም ማን ያጸድቃል?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ሬዲዮ ስለ አዲስ አበባ የባህል ቤቶች ውይይት ሰማሁ። አንዱ እንግዳ ካዛንቺስ ሲፈርስ አብረው ስለተነሱት አዝማሪ ቤቶች ተጠየቁ። ቤት ይፈርሳል እንጂ ባህል አይፈርስም አሉ። አዝማሪው አሁን ዘመናዊ አዳራሽ፣ ጥሩ የድምፅ መሣሪያና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ተዘጋጅቶለታል አሉ። እነዚያ ጠባብ ቤቶችማ መጠጥ ቤት ነበሩ፤ ለማኅበረሰቡ ያመጡት ለውጥ የለም ሲሉም አከሉ። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ስፖርት ዜና አለፈ።

እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

የመኪና ማቆሚያውን እንተወው። ማሲንቆ ለመስማት ፓርኪንግ የጎደለው ሰው ካለ ችግሩ ይፈታለት። «ለውጥ አላመጡም» የምትለዋን ግን ዝም ብዬ አልውጣትም። እንግዳው ይህን ሲሉ የአገራቸውን ታሪክ ረስተዋል፤ ወይም ሰው ረስቷል ብለው ተማምነዋል።

ግራዚያኒ አልረሳም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ከወር በኋላ የሆነውን ግን ብዙ አናወራም። በመጋቢት 1929 ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ ተረትና ዜማ የሚያሰሙ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን ጻፈ። እስከዚያች ቀን 70 ያህሉ መገደላቸውንም አሳወቀ። ጥፋታቸው ምን ነበር? የጣሊያን አገዛዝ በቅርቡ ያበቃለታል እያሉ ሕዝቡ ውስጥ ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ ተባለ። ሰውየው አውሮፕላን አለው። የመርዝ ጋዝ አለው። መትረየስ አለው። የፈረስ ጭራ የተወጠረባት ማሲንቆ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ግን እንቅልፍ ነሳው።

የሬዲዮው እንግዳ ያላዩትን ለውጥ ወራሪው አይቶታል ማለት ነው።

ደግሞስ ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም የታሰበው ምን ነበር? ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ሕዝቡን በዘፈንና በንግግር ለማንቃት ነው የተጀመረው። አንጋፋው የኪነ ጥበብ ቤታችን የተወለደው ዘፈን ሰው ያንቀሳቅሳል ከሚል እምነት ነው። ዛሬ ላይ «ዘፈን ምን ለወጠ?» ብሎ የሚጠይቅ የባህል ባለሙያ መስማት ይደንቃል።

እሺ፣ ይህ የጦርነት ጊዜ ነው ይበሉ። በሰላሙ ጊዜ አዝማሪ ቤት ምን ይሠራል? አንድ ምሽት ላሳይዎት።

ቤቷ ጠባብ ናት። ቀጤማ ተጎዝጉዟል። ሰው ዱካ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። አዝማሪው መድረክ የለውም፤ በሰው መሀል እየተሽሎከለከ ይዞራል። ማይክራፎን የለም። ግንባሩ ላይ የተለጠፈች መቶ ብር በላብ ተጣብቃለች። ከጥጉ አንዲት ልጅ እጇን አነሳችና «ተቀበል!» አለች። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት። ቀና ሲል እንዲህ አለ፦

ዓረብ አገር ሄዳ ብሩን ትልካለች፣
እኛ ብር ስንቆጥር ቀኑን ትቆጥራለች።

ደገመው። ሦስተኛ ሲለው ቤቱ አብሮ አለው። ከዚያ ከሌላ ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ «ተቀበል» አለ፤ የሱ ግጥም ልጆቹን ስለሚያሻግረው ደላላ ነበር። ቀጥሎ አንዲት እናት ሰጡ። በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ወሬ ተከፈተ። ማን የት እንዳለች፣ የትኛው ደላላ እንዳታለለ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የቀማቻት ልጅ ወዴት ብትደውል እንደሚሻል። በዎርክሾፕ ቢሆን ፕሮጀክተር፣ የሻይ ዕረፍትና አበል ያስፈልገው ነበር። እዚያ የፈጀው ሁለት ስንኝ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዱ ቀልደኛ የቤት አከራዩን አጠገቡ አስቀምጦ እንዲህ አስባለ፦

ኪራዩ ሲጨምር ደሞዜ ዝም አለ፣
ቆሞ የሚቀደም እንዲህ ያለም አለ።

ኪራዩ ይቀንስ አይቀንስ አላውቅም። አከራዩ ግን ከት ብሎ ሳቀና አንድ ዙር ቢራ ጋበዘ። ይህን ነገር ልጁ ቤቱ ሄዶ ቢናገር ኖሮ ምናልባት ዕቃህን አውጣ ይባል ነበር።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግጥሙን የሰጠው ተከራዩ ነው፤ ያለው ግን አዝማሪው ነው። አዝማሪ ደግሞ እንዲህ ይላል ተብሎ የተተወ ሰው ነው። ስለዚህ ፈሪውም ይናገራል፤ አፍ የሌለው አፍ ያገኛል። አከራዩም ቢሆን መኮሳተር አይችልም፤ ቤቱ በሙሉ እየሳቀ እሱ ብቻ ቢቆጣ የሚዋረደው ራሱ ነው። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሚጠይቁት ሥራ ፈተው አልነበረም። ፊት ለፊት የማይነገራቸውን ለመስማት ነው። የዛሬ ሹም ይህን በነፃ የሚያገኝበት ቤት ነበረው። አፈረሰው።

አሁን ይህን ሁሉ ወስዳችሁ «ዘመናዊ አዳራሽ» ውስጥ አስገቡት። መድረኩ ከፍ ያለ ነው። መብራቱ አዝማሪው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ማንም አይታየውም። ማሲንቆው በገመድ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። ከኋላው የስፖንሰር ባነር አለ። መድረክ መሪ አለ፤ በየመሀሉ እየገባ «ጭብጨባ!» ይላል። አንተ ሃያኛው ረድፍ ላይ ነህ። እስቲ ከዚያ ሆነህ «ተቀበል!» በል። የሚመጣልህ ጥበቃው ነው። አዝማሪው ቢሰማህ እንኳ ግጥምህን እንዴት ይቀበልሃል? ደረጃ ወርዶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ሃያ ረድፍ ተራምዶ? ስለዚህ ያው ቤቱ አጥንቶት የመጣውን ይዘፍናል። አንተም ታጨበጭባለህ። ስልክህን አውጥተህ ትቀርጻለህ። ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ቆንጆ ምሽት ነው፤ አልካድኩም። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የገባ ሰው ሊናገር የመጣ ሰው አይደለም። ተመልካች ነው። ባህሉን ከቦታው አንስተን ሌላ ቦታ አስቀመጥነው ያሉት እንግዳ ያነሱት አዝማሪውን ብቻ ነው። ግጥም ሰጪውን የት አደረሱት? የባህሉ ግማሽ እኮ እሱ ነው። ምናልባትም ከግማሽ በላይ።

ይህን ስል ከመሬት ተነስቼ አይደለም። በኛ ሰፈር ያሉ ወጣቶች ለበዓል ክፍት መድረክ ሊያዘጋጁ ፈለጉ። ሁለት አዝማሪ፣ አንድ ክራር ደርዳሪ፣ አንድ ከበሮ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እየተነሳ የልቡን ይበል፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ መንገድ መብራቱ። አዳራሽ ጠየቁ። የአዳራሹ ኃላፊ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤያቸውን ተቀበሉ፣ ማህተሙን አዩ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ግጥሞቹ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይግቡ።

ልጆቹ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ሰውየው ግን አልቀለዱም።

እስቲ ይታሰብ። እማማ እገሊት እሑድ ማታ ጠላ ቀምሰው፣ ሳቅ ይዟቸው፣ በዚያች ቅጽበት የሚያፈልቁትን ግጥም ሐሙስ ጠዋት በሦስት ኮፒ ታስገቡ ዘንድ ትጠየቃላችሁ። ገና ያልተገጠመ ግጥም! ማን ይጽፈዋል? ማንስ መርምሮ ያጸድቀዋል? አዝማሪውስ ከወረቀት ሊያነብ ነው? አንደኛው አዝማሪ ጉዳዩ ሲነገረው ምን እንዳለ ልንገራችሁ። «ታዲያ እኔን ምን አስጠራችሁኝ፤ አንድ አንባቢ ቅጠሩ።» ዝግጅቱ ቀረ።

እንዲህ ያለውን መድረክ ከዚህ በፊት አይተነዋል። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ያልነበረበት ሰፈር አልነበረም። መድረክ ሞልቶ ነበር። ከበሮ ሞልቶ ነበር። ሰውም ሞልቶ ነበር። ግጥሙ ግን ከላይ የወረደ ነው፤ ታዳሚው የተሰጠው ሥራ ማጨብጨብ ብቻ ነው። የችሎታ ችግር አልነበረም። ከድርቁ በኋላ በ1980 ገደማ አውሮፓና አሜሪካን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ላይ የነበሩትን ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ማን ይንቃል? እሳት ነበሩ። ግን ያ መድረክ ሕዝቡ ለመንግሥቱ የሚነግርበት መድረክ አልነበረም። ከተሜው በበኩሉ በሰዓት እላፊ ታጥሮ ቤቱ ይገባ ነበር። ማታ ከሌለ አዝማሪ ቤት የለም። አዝማሪ ቤት ከሌለ «ተቀበል» የለም። ለዓመታት እንደዚያ ነበርን፤ ዘፈን በዛ፣ ወሬ ግን በሹክሹክታ ሆነ።

አዝማሪ ቤት ገነት ነው አላልኩም። ሴት ላይ የሚወረወሩ አንዳንድ ቀልዶች ያሳፍራሉ። ሰካራምም አለ። ብር ለበተነ የሚያሞግስ አዝማሪም አለ። ይሁን። የተከፈለበት ውዳሴ መሆኑን ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ተወዳሹም ያውቃል፤ ብሩም ግንባር ላይ ተለጥፎ ይታያል። በየስብሰባው የምንሰማው ውዳሴ ክፍያው የት እንደተለጠፈ ማን ያሳየናል?

«መጠጥ ቤት ነበሩ» የሚለው ስድብ ደግሞ በጣም አበሳጭቶኛል። ፈንዲቃን ውሰዱ። መላኩ በላይ በልጅነቱ ለሽልማት እየጨፈረ ያደረበትን ቤት ኋላ ራሱ ተረክቦ ምን አደረገው? የባህል ማዕከል። እስክስታ ነበር፣ የግጥም ምሽት ነበር፣ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ነበር፣ ጃዝ ነበር። ቱሪስቱም፣ የሰፈሩ ልጅም፣ ዲፕሎማቱም አንድ ዱካ ይሻሙ ነበር። ከዚያ የኢትዮጵያን ጭፈራ ይዞ ዓለምን ዞረ። ይህ ሁሉ የወጣው ካዛንቺስ ውስጥ ከነበረች አንዲት አዝማሪ ቤት ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሳ አብራ ተነሳች። «መጠጥ» አሉን።

ሰፈር አይታደስ የሚል ሰው አይደለሁም። የካዛንቺስ የድሮ ቤቶች ሽንት ቤት ስንት አባወራ ይጋራው እንደነበር የማያውቅ ብቻ ነው ስለዚያ ሰፈር በናፍቆት ብቻ የሚያወራ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አዝማሪ ቤት የቆመው በርካሽ ኪራይ ነው። ጠላና ጠጅ ሸጦ፣ በሽልማት ተደጉሞ፣ ከወር ወር የሚደርስ ቤት ነው። አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ በካሬ የሚጠየቀውን ኪራይ የሚከፍለው ባንክ ነው፤ አለዚያም ካፌ ነው። ማሲንቆ አይከፍለውም። ስለዚህ «ባህል አይፈርስም» ማለት ለጆሮ ያምራል እንጂ ኪራይ አይሆንም። ሰዎቹ ተበትነዋል። አንዱ ወደ ዳር ከተማ ሄዷል፣ አንዱ ሠርግ ይጠብቃል፣ አንዱ ሆቴል ገብቶ ለእራት ተመጋቢ በዝግታ ይዘፍናል። ሆቴሉ ውስጥ «ተቀበል» የሚል የለም። ሰው እየበላ ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በየወረዳው የወጣት ማዕከል አለ፤ አብዛኛው ማታ ተቆልፎ ያድራል። በወር አንድ ምሽት ይከፈት። መድረኩ ይነሳ፣ ዱካ ይግባ፣ ማጉያው ይጥፋ። የወረዳው ኃላፊም ይምጡ፤ ግን ንግግር ሳያደርጉ ይቀመጡ። ግጥም ሲወረወርባቸው ይሳቁ፤ ካልቻሉም ጠጃቸውን ይጠጡ። ስድብ ወይም ጥላቻ የተናገረ ካለ ሕግ አለ፤ ከተናገረ በኋላ ይጠየቅ። ከመናገሩ በፊት የሚጠየቅበትን አሠራር ግን አንሡልን።

በአዲሱ ካዛንቺስም ከሚወጡት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ምድር ላይ፣ ሰው ከመንገድ ሰተት ብሎ የሚገባበት አንድ ክፍል ለአዝማሪ ይሰጥ። ትልቅ አይሁን። ከተማ አስተዳደሩ ባንክ የሚከፍለውን ሳይሆን አዝማሪ የሚችለውን ዋጋ ይቁረጥ። ባህሉ አልፈረሰም ካላችሁ ማስረጃው ይኸው ነው፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ንገሩን።