የሥነ ምግብ ባለሙያ የኩባንያ ገንዘብ ይቀበል? የድሬና የሐረር ክርክር

ጥያቄው አጭር ነው። ምግብ የሚያመርት ወይም የሚያስመጣ ኩባንያ ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች ሥልጠና ልክፈል፣ ጥናታቸውን ልደግፍ ይላል። ባለሙያዎቹ ይቀበሉ? ሁለት የሙያው ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንዷ ድሬዳዋ ጤና ጣቢያ ውስጥ እናቶችን ታማክራለች። ሌላው ሐረር የምግብ ሳይንስ ያስተምራል። እንደ ምሥራቁ ልማድ አንቱ አልተባባሉም።

ከድሬዳዋ

አይቀበሉ። ምክንያቴን ከምሠራበት ክፍል ልጀምር።

የድሬን ሙቀት የማያውቅ የለም። የሦስት ወር ልጅ ታቅፋ የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ የምትለኝ አንድ ነው፦ «ሙቀቱ አቦ! ልጁን ይጠማዋል፣ የኔም ወተት አያጠግበውም።» ስለዚህ ውኃ በስኳር በጥብጣ ትሰጠዋለች። ቀጥላ የጣሳ ወተት ትገዛለች። በጅቡቲ በኩል የሚገባው የዱቄት ወተት በድሬ ገበያዎች፣ ታይዋንም ቀፊራም፣ ሞልቷል። ጣሳው ውድ ነው። እንዲቆይላት ዱቄቱን ትቀንሳለች፣ ውኃውን ትጨምራለች። ጡጦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ሳየው ብርሃን ያሳልፋል። የልጁ ሆድ ይሞላል፣ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። ውኃው በደንብ ያልፈላ እንደሆነ ደግሞ ተቅማጡ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከሚሸጡት ጣሳዎች ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሻይና ቁርስ የተዘጋጁ ናቸው እንጂ ለጨቅላ አይደሉም።

የጡት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውኃ ነው። 6 ወር ላልሞላው ልጅ በድሬ ሐሩርም ቢሆን ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ገንፎው ላይ እንቁላል ይግባበት፣ የፈላ የግመል ወተት ጠብ ይደረግበት፤ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። ይህን ለማስረዳት ጊዜ እፈልጋለሁ፣ ከጊዜው በላይ ደግሞ እምነቷን እፈልጋለሁ። እናትየዋ የምትሰማኝ ከሻጩ ምንም እንደማላገኝ ስለምታምን ነው። ግድግዳዬ ላይ የአስመጪው ካላንደር ተሰቅሎ፣ በእጄ የአስመጪው እስክሪብቶ ይዤ «ጣሳውን ተዪው» ብላት ማን ይሰማኛል?

ፍርሃቴ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዱቄት ወተት ኩባንያዎች በድሃ አገሮች ሻጮቻቸውን የነርስ ልብስ አልብሰው ወላድ ዘንድ ይልኩ ነበር። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የስዊዘርላንዱን ኩባንያ የኔስሌን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚቆጣጠር ደንብ አጸደቀ፤ 118 አገሮች ሲደግፉ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠትንም፣ ባለሙያን በስጦታ ማባበልንም ይከለክላል። ታዲያ ኩባንያዎቹ ተመለሱ? በ2024 ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ምርመራውን አወጣ። ኔስሌ በአገሩ ስኳር ሳይጨምርበት የሚሸጠውን ዓይነት የሕፃናት ምግብ በድሃ አገሮች ስኳር ጨምሮበት ይሸጣል። የኛ ልጅ ምላስ ምን አድርጎ ነው?

ከሐረር

እህቴ፣ በጣሳው ካንቺ ጋር ነኝ። ጨቅላ ባለበት ቦታ ባለሙያ የአስመጪ ሳንቲም መንካት የለበትም፤ በዚህ አንከራከር። ግን የአንዱን ኃጢአት ለሁሉም አከፋፈልሽው።

ጨውን ተመልከቺ። አገራችን በአዮዲን እጥረት የእንቅርት አገር ነበረች። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ብሎ ደንብ አወጣ። ደንብ ግን በራሱ ጨው ላይ አዮዲን አይረጭም። የአፍዴራን ጨው የሚያመርተው ነጋዴ ነው፤ የሚያዘጋጀው፣ በከረጢት የሚያሽገው ነጋዴ ነው። ከነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ልኩን የሚያስተካክል ባለሙያ ከሌለ አንዱ ከረጢት ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶውን ይሸጣል።

ደግሞ አንቺው በየቀኑ ለከሳ ልጅ የምታድይውን ምግብ፣ ፕላምፒ ነትን ውሰጂ። በ1996 እ.ኤ.አ. አንድሬ ብሪያን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ኒውትሪሴት ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ የሠራው ነው። ኦቾሎኒ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። ውኃ አትፈልግም፣ ምድጃ አትፈልግም፣ በሙቀት ቶሎ አትበላሽም። ቀድሞ በጣም የከሳ ልጅ ከነእናቱ ሆስፒታል ለሳምንታት ይተኛ ነበር፤ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚያበላ አንድዬ ይወቀው። ዛሬ የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ ቢያርፍም፣ ማለትም ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ቢያንስም፣ ሌላ ሕመም ከሌለበትና የመብላት ፍላጎት ካለው እቤቱ ሆኖ ይድናል። ያ ሐኪም «ኩባንያ አልጠጋም» ብሎ ቢሆን ይህ ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ስለ ገንዘቡ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የድሬ ልጆች ከመቶ 40ዎቹ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ። የኛዎቹ የሐረሪዎቹ 32፣ የአገሩ 38። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው የመንግሥት ዕቅድ መቀንጨርን በ2030 እ.ኤ.አ. ልናጠፋ ቃል ገብተናል። በምን ብር? በ2025 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። ለመሆኑ የእርዳታው ገንዘብስ ከጥቅም የጸዳ ነበር? አሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት የላከችው ስንዴ የራሷን ገበሬ ትርፍ ምርት ማራገፊያም ነበር። እሱን ስንቀበል ማንም ነውር ነው አላለንም። እኔ የምለው፦ እንቀበል፤ ከማን፣ ስንት፣ ለምን እንደተቀበልን በግልጽ ጽፈን እናሳውቅ።

ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ደባለቅህ። ከፋብሪካ ጋር መሥራትና ከፋብሪካ እጅ መብላት አንድ አይደሉም። ፋብሪካው ግባ፣ አዮዲኑን ለካ፣ ሲበላሽ ንገራቸው። ደመወዝህን ግን ከዩኒቨርሲቲህ ውሰድ።

«እናሳውቅ» ያልከው ደግሞ ለማን ነው? በጥናቱ መጨረሻ በደቃቁ ለተጻፈ መስመር? ቀፊራ ሽንኩርት የምትቸረችር እናት እሱን አታነብም። የምታየው ጋዋኑን ነው። ጋዋን የለበሰ ሰው ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ደግሞ ውሸት ጻፉ አይልም። የምትጠይቀውን ጥያቄ ነው የሚመርጥልህ። በ1967 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ስለ ልብ ሕመም ሲጽፉ ጥፋቱን ወደ ስብ አዘንብለው ስኳርን አቃለሉት። የከፈላቸው የስኳር ነጋዴዎች ማኅበር እንደነበር በሰነድ የወጣው በ2016 ነው። ስንት ዓመት አለፈ? በዚያ መካከል ስንት ሰው ተመከረ? እኔም ጋ የስኳርና የግፊት ሕመምተኛው በዝቷል። ምሳው ፓስታ፣ ከላዩ ለስላሳ። ነገ የለስላሳው ፋብሪካ ሥልጠና ቢያዘጋጅልን ርዕሱ «እንንቀሳቀስ» ነው የሚሆነው። ማን ይቃወማል? ስለ ጠርሙሱ ግን ማንም አያነሳም።

ስለ እርዳታው ያልከው ግን እውነት ነው። ስንዴው ጥቅም ነበረበት፣ እኛም ዝም ብለናል። ሌላም ልጨምርልህ። ለአንድ ልጅ የታዘዘ የፕላምፒ ነት ከረጢት ለአራት ይካፈላል፤ አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ይገኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ እናትየዋን ሰው ፊት ይቆጧታል። እኔ ይህን ከስጦታው እኩል የሙያ ነውር አድርጌ ነው የማየው። አራት የራበው ልጅ ፊት አንዱን ብቻ አብዪ ስትላት ምን እንድታደርግ ነው? ቁጣው ልጁን አያወፍረውም፤ እሷን ግን ያስቀራታል።

ሥልጠና የግድ ከሆነ ድርጅቶቹ ለከተማው ጤና ቢሮ በጋራ ቋት ያስገቡ፤ ማን እንደሰጠ አንወቅ፣ አርማም አይለጠፍ።

ከሐረር

ይሄ ሐሳብሽ ከኔ የባሰ አደገኛ ነው። ሱቅ የሚቆጣጠረው፣ ጊዜው ያለፈበትን ጣሳ የሚወርሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አስመጪው ተቆጣጣሪው ቋት ውስጥ ብር ከጨመረ በኋላ ታይዋን ላይ ጣሳ የሚይዝ ማን ነው? እኔን ቢገዛኝ አንድ መምህር ገዛ። ቢሮውን ከያዘ ገበያውን ያዘ።

የስኳሩ ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ መደበቁ ያመጣውን ጣጣ ነው። ሰዎቹ የከፈላቸውን በዚያው ዓመት ቢናገሩ አንባቢ በጥርጣሬ ባነበበው ነበር።

እስቲ በተግባር ልጠይቅሽ። በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና ማዕድን እንዲበለጽጉ ግዴታ ሆኗል። ዱቄቱ ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለ፤ በጽንስ ጊዜ የሕፃን አከርካሪ ሳይዘጋ እንዳይቀር የሚከላከለው ማለት ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ «ምርቴን መርምሩልኝ፣ ወጪውን እከፍላለሁ» ቢለኝ እምቢ ልበል? የላብራቶሪ ኬሚካል በዶላር ነው የሚገዛው። ካልተመረመረ ያ ዱቄት ስሙ እንጂ ውስጡ ላይበለጽግ ይችላል፤ እናትየዋም ሳታውቅ ትበላዋለች።

ከድሬዳዋ

በቋቱ ረታኸኝ፤ አነሳዋለሁ።

ዱቄቱን ግን እንዲህ እናድርገው። ፋብሪካው ይክፈል፤ ግን እንደ ድጋፍ አይሁን፣ እንደ ግብር ይሁን። ሁሉም ፋብሪካ በሕግ እኩል ይክፈል። መርማሪውን ፋብሪካው አይምረጥ፣ ናሙናውንም ራሱ አያምጣ። ናሙናው ከሱቅ ተገዝቶ ይምጣ። ያኔ ያንተ እንጀራ በውጤቱ ላይ አይንጠለጠልም።

ከሐረር

ለዱቄት፣ ለጨውና ለዘይት ተስማማሁ። የተማሪ ጥናት ላይ ግን አልለቅም። ማስተርስ የሚሠራ ልጅ ገንዘብ አጥቶ ገጠር ሳይወርድ እዚሁ ከተማ መጠይቅ በትኖ ይመረቃል። አወዳይ አካባቢ ጫት ማሳውን ሲይዘው የቤተሰቡ ማዕድ ላይ ምን እንደጎደለ ሊያጠና የፈለገ ልጅ ለመኪና የሚከፍለው የለውም። የዘይት ፋብሪካ ቢከፍልለት እቀበላለሁ። ውሉ ላይ ግን ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ፋብሪካው እንዳያየው፣ ጥያቄውንም እንዳይነካ አጽፋለሁ። ካላመንሽኝ ከመፈረሜ በፊት አንቺው አንብቢው።

ከድሬዳዋ

ላክልኝ፣ አነበዋለሁ። ለጥናቱ የማይመች አንቀጽ ካገኘሁ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ። ተማሪህ ጥናቱን ሲጨርስ ግን መጀመሪያ ውጤቱን ያጠናቸው እናቶች ዘንድ ወስዶ በኦሮምኛ ያንብብላቸው፤ መኪናውን ማን እንደከፈለለትም ጨምሮ ይንገራቸው። ይህ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ አሁንም መልሴ አይቀበሉ ነው።