ሞት አይቀርም፣ ፊርማ ግን ይቀራል

ኑዛዜ ሲነሳ «አታሟርትብኝ!» የሚለው ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ ከደራሲ ይበልጣል። ሁለት ገጽ ሙሉ ምርቃትና «ልጆቼ ሆይ፣ ተፋቀሩ» ይጽፍና ቀኑን ይረሳል። ልጆቹም ፍርድ ቤት የሚካሰሱት በተረሳው ቀን ነው።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለምርቃት ደንታ የለውም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። የእኛ ሰው ግን አራት ምስክር በአንድ ጊዜ ከየት ያምጣ? ሁለቱ ዛሬ ይፈርማሉ፤ ሦስተኛው ለቅሶ ላይ ስለሆነ ወረቀቱ በልጅ ይላክለታል፤ አራተኛው «እናንተ ከፈረማችሁ እኔ ምን አነባለሁ» ብሎ ጫር አድርጎ ይሄዳል። ጨዋነት መሆኑ ነው፤ የሰው ገመና አይነበብማ! አራቱም ቁጭ ብለው ቢሰሙ እንኳ፣ መነበቡን የምትገልጸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከቀረች ኑዛዜው ፈራሽ ነው። አራት ሰው ያጣ ወደ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ይሂድ። ሹሙ በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

«ምስክር ለምኔ» ያለ ደግሞ ራሱ ይጻፍ። ሙሉውን በገዛ እጁ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑሮ። እጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ የልጅ ልጅ አይጠራም። ይህም በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገት ላይ ማሰር አይቆጠርም።

ተዋደው በአንድ ወረቀት የሚናዘዙ ባልና ሚስት አሉ። ያምራል፤ ግን ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ይጻፉ። ባልየው ብቻውን ሲጽፍ ደግሞ «ቤቴን ለበኩር ልጄ» ይላል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ የሚስቱ ነው፤ ኑዛዜው ሳሎኑን አጋምሶ ይቆማል።

የተቀየመ አባት በዝምታ ይቀጣል፤ የልጁን ስም ዘሎት ያልፋል። ሕጉ ኩርፊያ አይገባውም። ልጁን ከውርስ የሚነቅል በግልጽ «ነቅያለሁ» ይበል፣ ምክንያቱንም ይጻፍ። «እሱ ራሱ ያውቀዋል» የሚባል ምክንያት የለም።

ይህን ሁሉ ችላ ብሎ አልጋ ላይ የደረሰ ሰው የቃል ኑዛዜ ይቀረዋል። ሞቱ መቃረቡ ሲሰማው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል። ከዳነና ሦስት ወር ከቆየ፣ የሚሞተው ኑዛዜው ነው። ካልዳነም ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ ለትናንሽ ልጆቹ አሳዳሪ መሰየም ይችላል፤ ስጦታው ግን ለአንድ ሰው ከ500 ብር አይበልጥም። ቪላውን ለእህቱ ልጅ በቃል ሲያወርስ መንደሩ አልቅሶ የመሰከረለት አጎት፣ ያወረሰው ቢበዛ ጠበቃ ቤት መሄጃ የታክሲ ነው።